ሳሎናችን ወደ አንድ ጎን ለምን ያጋድላል?

«ቤት ለእምቦሳ!» ብለን አዲስ ቤት የገባ ዘመድ ስንጠይቅ «እምቦሳ እሰሩ» ይለናል። ከዚያ ቁጭ ብለን ቡናው እስኪፈላ ዓይናችን ሥራ አይፈታም። ሶፋውን፣ መጋረጃውን፣ ቡፌውን፣ ግድግዳውን ይዞራል። አንዳንዱ ቤት በውድ ዕቃ ተሞልቶም ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ሌላው ቤት ደግሞ አንድ አሮጌ ሶፋና አንድ መሶብ ብቻ ይዞ «እንዴት ደስ ይላል!» ያሰኛል። የቤቱ ባለቤቶችም ነገሩ ይሰማቸዋል። «ይሄ ቤት አንድ ነገር ጎድሎታል» ይላሉ፤ ምን እንደጎደለው ግን አያውቁትም። ስለዚህ ይገዛሉ። ከገዙም በኋላ ያው ጉድለት እዚያው ይጠብቃቸዋል።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ «አንድ ነገር» ምን እንደሆነ ማሳየት ነው። በእኔ እምነት አብዛኞቹ የከተማችን ሳሎኖች የጎደላቸው ዕቃ ሳይሆን ሚዛን ነው። ሚዛን ደግሞ ከሱቅ አይገዛም፤ ያለውን በማዘዋወር ይገኛል።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሳሎን ምን አገባው የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገሩ የመጣው ከገጽ ቅንብር ትምህርት ነው። አንድ የጋዜጣ ገጽ ላይ ትልቁ ፎቶ፣ ወፍራሙ ርዕስና ጥቁሩ ሣጥን ሁሉም በግራ በኩል ከተከመሩ፣ በቀኝ በኩል ጥሩ ጽሑፍ ቢኖርም አንባቢው አያየውም። ገጹ ያጋድላል እንላለን። ይህን ከተማርኩ በኋላ የሰው ቤት በገባሁ ቁጥር ግድግዳውን እንደ ገጽ ማየት ጀመርኩ። በመጨረሻም ሜትር ይዤ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ እስከ ቦሌ አራብሳ ድረስ አራት ቤቶችን፣ ባለቤቶቹን አስፈቅጄ፣ ለካሁ። ቀጥሎ ያለው ከንባብና ከእነዚያ አራት ቤቶች ያገኘሁት ነው።

ዓይን የሚመዝነው ክብደት

በገበያ ሚዛን ክብደት የሚለካው በኪሎ ነው። ዓይን ግን ኪሎ አያውቅም። ጥቁር ባዶ ካርቶን በዓይን ሲታይ ከነጭ ድንጋይ ሊከብድ ይችላል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የነበረው ኤድዋርድ ቡሎ እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ ቀለሞች ክብደት ያደረገውን ሙከራ አሳትሞ ነበር። ለሰዎች ግማሹ ጨለም፣ ግማሹ ፈካ ያለ ቀለም የተቀባ ቅርጽ ያሳያቸዋል። አብዛኞቹ ጨለማው ቀለም ከታች ሲሆን «የተረጋጋ»፣ ከላይ ሲሆን ደግሞ «ከላይ የከበደ» ሆኖ ታያቸው። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፤ የተለወጠው የዓይን ግምት ነው።

ሌላው ጀርመን የተወለደውና በአሜሪካ ያስተማረው ሩዶልፍ አርንሃይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ዓይን አመለካከት ባሳተመው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀላል ምሳሌ ያቀርባል። በነጭ አራት ማዕዘን ውስጥ ጥቁር ክብ አለ፤ ክቡ ግን ልክ መሀል ላይ አይደለም፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። ስናየው ክቡ ዕረፍት ያጣ፣ ወደ መሀል መመለስ የፈለገ ይመስለናል። ማንም አልነካውም፣ አይንቀሳቀስም፤ እኛ ግን መጎተቱ ይሰማናል። ሳሎን ውስጥ «አንድ ነገር ልክ አይደለም» የሚያሰኘን ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ዕቃ በዓይን የሚከብደው መቼ ነው? ባጭሩ፦ ትልቅ ሲሆን፤ ቀለሙ ሲጨልም ወይም እንደ ቀይ ሲደምቅ፤ ቅርጻ ቅርጽና ጌጥ ሲበዛበት፤ ከፍ ብሎ ሲሰቀል፤ ሲያብለጨልጭ፤ ዙሪያው ባዶ ሆኖ ብቻውን ሲቆም። የሰው ፊት ያለበት ፎቶም ትንሽ ቢሆን ከባድ ነው፤ ዓይን ፊትን ሳያይ አያልፍማ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረሳው ርቀት ነው። በአንድ ድንጋይ ላይ ረጅም ጣውላ አጋድመን አባትና ልጅ ከሁለት ወገን ቢቀመጡበት፣ 60 ኪሎ የሚመዝነው አባት ከመሀሉ 1 ሜትር፣ 20 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ ደግሞ 3 ሜትር ርቀው ከተቀመጡ ጣውላው ቀጥ ይላል። ስልሳ በአንድ ስልሳ ነው፤ ሃያ በሦስትም ስልሳ ነው። በዓይን ሚዛንም እንዲሁ ነው። መሀል አካባቢ ያለን ትልቅ ነገር ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ነገር ሊመልሰው ይችላል። ልክ መሀል ላይ የቆመ ከባድ ነገር ደግሞ ምንም ያህል ቢከብድ ወደ የትም አያጋድልም። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ወደ አራብሳ ስንሄድ ትጠቅመናለች።

ሚዛን ከውጭ የመጣ ነገር ነውን?

አይደለም። የአገራችን ሰው ቃሉን ሳይጠቅስ ሲሠራበት ኖሯል። ሦስት ዓይነት ሚዛን አለ ቢባል ሦስቱም እኛው ዘንድ አሉ።

የመጀመሪያው አቻ ሚዛን ነው። በግራ ያለው በቀኝ ይደገማል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ መሀል፣ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል ግራና ቀኝ ሆነው እናያለን። በቅኔ ማኅሌትም መዘምራኑ በሁለት ወገን ተሰልፈው ይቀባበላሉ፤ አንዱን ወገን ቀኝ ጌታ፣ ሌላውን ግራ ጌታ ይመራዋል። ድምፅ እንኳ ሚዛን አለው ማለት ነው።

ሁለተኛው ክብ ሚዛን ነው። ሁሉ ነገር ከአንድ መሀል ተነሥቶ ዙሪያውን ይሄዳል። ጎጆ ቤት ምሰሶው መሀል ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ መሀል፣ ቅድስቱ ዙሪያውን፣ ቅኔ ማኅሌቱ ከውጭ ሆኖ ይታነጻል። መሶብ ቀርቦ ቤተሰብ ሲከበውም ያው ክብ ሚዛን ነው፤ ማንም ከማንም ይልቅ ለእንጀራው አይርቅም።

ሦስተኛው ኢ-አቻ ሚዛን ነው። ግራና ቀኝ አይመሳሰሉም፤ ግን ይመዛዘናሉ። ለዚህ ወደ ሐረር ጀጎል እንሂድ። በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት የመቀመጫው መደብ፣ ነደባ የሚሉት፣ በተለያየ ከፍታ እንደ ደረጃ የተሠራ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ስፌቶችና ሳህኖች ተሰቅለዋል። ከታች ሰፊና ከባድ መደብ፣ ከላይ ብዙ ትንንሽ ክብ ጌጦች። ብዙ ትንሽ ነገር ባንድ ላይ ሲሰባሰብ እንደ አንድ ትልቅ ነገር ይመዝናል፤ ታችና ላይ ይተካከላሉ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እነዚህ ቤቶችም የከተማዋ መለያ ሆነው አብረው ታዩ።

እንግዲህ ችግሩ የዕውቀት እጥረት አይደለም። ቤቱ ነው የተቀየረው።

ጎጆው ተቀይሮ ኮንዶሚኒየም ሲሆን

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አቶ አርከበ እቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ አዲስ አበባ ትልቁን የቤቶች ግንባታ ጀመረች። ከጀርመን የቴክኒክ ተራድኦ ድርጅት ጋር የተሠራው የሙከራ ግንባታ የተተከለው እዚሁ በእኛ በኩል፣ ገርጂ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ አራብሳ እያለ ምሥራቁ የከተማችን ክፍል በብሎክ ተሞላ። ባለ አንድ መኝታ የሚባለው ቤት በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ነው። በዚያ ላይ መኝታው፣ ማብሰያውና መታጠቢያው ሲቀነሱ ለሳሎን የሚተርፈውን እናንተው አስሉት።

ችግሩ ጥበቱ ብቻ አይደለም። የእንዲህ ያለው ሳሎን በር ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ሳይሆን ጥግ ላይ ነው። አንዱን ግድግዳ የመኝታ ቤቱ በር፣ ሌላውን የማብሰያ ቤቱ መግቢያ፣ ሦስተኛውን መስኮቱ ወይም የበረንዳው በር ይወስደዋል። ሙሉ ግድግዳ ሆኖ የሚቀረው አንድ ወይም ሁለት ነው። ስለዚህ ያለ የሌለ ዕቃ ሁሉ ወደዚያ ይጠጋል። ቡፌው እዚያ፣ ቴሌቪዥኑ እዚያ፣ በላዩ ላይ ከጣሪያ የተጠጉ የምርቃትና የሠርግ ፎቶዎች፣ በቡፌው አናት ላይ መሶብና ሻንጣ። ፊት ለፊቱ ዝቅ ያለ ሶፋና ባዶ ግድግዳ። ሳሎኑ ማጋደል የሚጀምረው እንዲህ ነው።

አራት ቤቶች

ቦሌ። የመጀመሪያው ቤት ግቢ ያለው ነው። ሰፊ ሳሎን፣ የጂፕሰም ጣሪያ፣ ወርቅማ መጋረጃ፣ ወርቅማ ሶፋ፣ ወርቅማ ጠረጴዛ። ግራና ቀኙ ቁርጥ እኩል ነው፤ በአቻ ሚዛን ሕግ ስህተት አይገኝበትም። ሆኖም ከአሥር ደቂቃ በላይ ስቀመጥበት ዓይኔ ደከመ። ሁሉም ነገር ከባድ ነው፣ ሁሉም «እኔን እዩኝ» ይላል። የቤቱ እመቤት ራሳቸው «እኔም የምቀመጠው ጓዳ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚህ ቤት የተማርኩት፣ ሚዛን ማለት ሁለቱን ወገን እኩል መሙላት ብቻ እንዳልሆነ ነው። ባዶ ቦታም ይመዝናል። ባዶ ግድግዳ በጋዜጣ ገጽ ላይ እንዳለ ነጭ ቦታ ነው፤ አጠገቡ ያለውን እንዲነበብ ያደርገዋል።

ገርጂ። ሁለት ጓደኛሞች ተከራይተው የሚኖሩበት ስቱዲዮ ነው። አከራያቸው ሚስማር መምታት ከልክለዋቸዋል። ያላቸው ሁለት ፍራሽ፣ አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ትልቅ መስኮት ነው። እዚህ ያስገረመኝ የመስኮቱ ነገር ነው። ቀን ቀን ከክፍሉ ሁሉ ከባዱ ነገር እሱ ነበር፤ ብርሃኑ ዓይንን ወደ ግራ ይጎትታል። ማታ ሲሆን ግን ያው መስኮት ጥቁር ጉድጓድ ሆነ፣ ክፍሉም መልኩን ቀየረ። ያደረግነው ነገር ትንሽ ነው። መደርደሪያውን ከመስኮቱ አጠገብ አንሥተን ፊት ለፊቱ ባለው ጥግ አቆምነው፤ ለመስኮቱም ከግድግዳው ቀለም ጋር የሚቀራረብ መጋረጃ ተደረገለት። ቀን መስኮቱና መደርደሪያው ይመዛዘናሉ፤ ማታ መጋረጃው ሲዘጋ መስኮቱ እንደ ግድግዳ ይሆናል። ፎቶዎቻቸውን ደግሞ ሚስማር ስለማይቻል በመደርደሪያው ላይ አስደግፈው አቆሟቸው። ተከራይ ቤቱን ማሳመር አይችልም ያለው ማን ነው?

ሰሚት። ሦስተኛው ቤት ሳሎኑ 3 ሜትር ከ20 በ4 ሜትር ከ10 ነው። እናት፣ አባትና ሁለት ተማሪ ልጆች ይኖሩበታል። እናትየው ዕቁብ ሊደርሳቸው ነበር። ሐሳባቸው የቆየውን ክሬም ሶፋ ሸጠው ኤል ሼፕ የሚባለውን ጥቁር ቡኒ ሶፋ መግዛት ነው። ምክንያቱ «ሳሎኑ የተጣመመ ይመስላል» የሚል ነው። እውነትም ይመስላል።

እዚህ ቤት አንድ ዘዴ ሞከርኩ። ሳይንሳዊ ልኬት አይደለም፤ ለማነጻጸር እንዲመች እኔው ያወጣሁት የነጥብ አሰጣጥ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ክፍሉን በሐሳብ ለሁለት ከፈልኩና ለእያንዳንዱ ዕቃ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጠሁ። በቀኝ በኩል፦ ቡኒው ቡፌ 5፣ ቴሌቪዥኑ 3፣ ከጣሪያ ሥር የተደረደሩት ፎቶዎች 2፣ ቡፌው አናት ላይ ያለው መሶብ 1፤ ድምር 11። በግራ በኩል፦ ክሬሙ ሶፋ 3። በቃ። 11 ለ 3!

ከዚያ ልጆቹ ተባብረውኝ ፎቶዎቹን አወረድንና በባዶው ግድግዳ ላይ፣ ከሶፋው መደገፊያ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገን፣ ተቀራርበው እንዲታዩ ሰቀልናቸው። መሶቡን ከቡፌው አናት አውርደን ከሶፋው ጫፍ ባለው ጥግ አስቀመጥነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ ጥቁር ቀይ የአልጋ ልብስ ነበር፤ እሱን ሶፋው ላይ ስናለብሰው 1 ነጥብ ጨመረ። አሁን ቀኙ 8፣ ግራው 7 ሆነ። ወጪው ስድስት ሚስማር ነው።

ኤል ሼፑ ቢገባ ኖሮስ? በሜትር ለክተን ወለሉ ላይ በገመድ አሳየናቸው። የሚፈልጉት ሶፋ በአንድ ወገን 2 ሜትር ከ50፣ በሌላው 1 ሜትር ከ60 ይይዛል። ልጆቹ መጽሐፍ ዘርግተው የሚያጠኑበት ወለል ገመዱ ውስጥ ገባ። ትንሿ ልጅ «እንዴ! እኔስ የት ልቀመጥ?» አለች። እናትየው ዝም ብለው ገመዱን ሲያዩ ቆዩና «ሶፋ አልገዛም ብዬ አልማልኩም፣ ግን እስቲ ይቆይ» አሉ። በኋላ ስደውል ከዕቁቡ ላይ ቀንሰው ከመስኮቱ ሥር በግራ በኩል ለልጆቹ የጥናት ጠረጴዛ ማሠራታቸውን ነገሩኝ። ለጠረጴዛው 2 ብንሰጠው ሚዛኑ 8 ለ 9 ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ዓይን አያስተውለውም።

ቦሌ አራብሳ። አራተኛው ቤት የአንዲት እናት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን የኖሩት መሀል ከተማ በቀበሌ ቤት ነው። ቦታው ለልማት ሲፈለግ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደዚህ መጡ። ይዘውት የመጡት ትልቅ ዕቃ ሟች ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ያሠሩት የእንጨት ቡፌ ነው። ስፋቱ 1 ሜትር ከ80፣ ከፍታው 2 ሜትር ሊሆን ምንም አልቀረው። በደረጃው ስላላለፈ ጫኝና አውራጆች በገመድ አስረው በበረንዳ በኩል አወጡት። ከዚያ በሩ አጠገብ ጥግ ላይ ቀረ። የሚገባ ሰው ሁሉ ትከሻውን ይመታዋል፤ ሳሎኑም በሙሉ ወደዚያ ጥግ የተደፋ ይመስላል።

የልጅ ልጅየው ተስፋ ቆርጧል። «ይሄ ለዚህ ቤት አልተፈጠረም፣ ለቁራሌው እንስጠውና 55 ኢንች ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ እንስቀል» ይላል። እማማ መልስ አይሰጡም፤ ቡፌውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። እኔ መሀል ገብቼ የማንም ዳኛ መሆን አልፈለግሁም። ቢሆንም ሜትሩ እጄ ላይ ነበር።

ከላይ ያዙልኝ ያልኳትን ዓረፍተ ነገር አስታወሳችሁ? ልክ መሀል ላይ የቆመ ከባድ ነገር ወደ የትም አያጋድልም። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ 3 ሜትር ከ40 ነው። ቡፌው ከዚህ መሀል ቢቆም በግራና በቀኙ 80፣ 80 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። 80 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ለአንድ ወንበር ይበቃል። የልጅ ልጅየውና ሁለት ጎረቤቶች ቡፌውን ገፍተው መሀል አቆሙት፤ በሁለቱ ጎኖቹ የእማማን ሁለት የእንጨት ወንበሮች አደረጉ። ከባዱ ዕቃ እንደ ጎጆ ምሰሶ ሆነ። ቴሌቪዥኑ በጎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ 55 ኢንች ሳይሆን ያለው 32 ኢንች ነው። 55 ኢንቹ ወደ 1 ሜትር ከ22 ስለሚሰፋ ከቡፌው ጋር ሌላ ግፊያ ይፈጥር ነበር።

እማማ ከወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ብዙ አዩት። ከዚያ «ከመጣን ጀምሮ እንደ ተቀጣ ልጅ ጥግ ይዞ ቆሞ ነበር እኮ» አሉ። የልጅ ልጃቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልተረታም። «ጥሩ ነው፣ ግን አሁንም አሮጌ ነው» ብሎኛል። መብቱ ነው። ሚዛን አሮጌን አዲስ አያደርግም። የሚያደርገው አሮጌው ዕቃ ቦታው እንዲገኝለት ነው፤ ይሸጥ አይሸጥ የሚለውን ደግሞ ቤተሰቡ ተረጋግቶ እንዲወስን ጊዜ ይሰጠዋል።

ቡና ሲፈላ የሚለወጠው ሚዛን

የውጭ አገር የቤት ማሳመሪያ መጽሔቶች የማያውቁት አንድ ነገር እኛ ዘንድ አለ። ሳሎናችን በቀን አንዴ ሁለቴ ይለወጣል። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ረከቦት ይቀርባል፣ ከሰል ይያያዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ የምታፈላዋም በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ይህ ሁሉ ክብደት ነው፤ ለዚያውም ነጭ ሲኒ፣ ጭስና የሰው ፊት ያለበት ክብደት። ዓይን ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል።

ስለዚህ ሳሎን ስናደራጅ ሁለት ጊዜ መመዘን አለብን፦ ያለ ቡናና ከቡና ጋር። ከለካኋቸው ቤቶች በሁለቱ ቡና የሚፈላው ከቡፌው ሥር፣ ማለትም ቀድሞውኑ በከበደው ወገን ነበር። ሰው በዝቶ ሲመጣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል፤ ከወዲያ ያለው ሶፋ ባዶ ይቀራል ወይም አንድ እንግዳ ብቻውን ይቀመጥበታል። ረከቦቱ ቀለል ወዳለው ወገን፣ ለነፋስ ሲባል ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ሲቀመጥ ግን እንግዶቹ ራሳቸው ሚዛኑን ይሞሉታል። ለለቅሶና ለበዓል ወንበር ሲጨመርም ይኸው ነው። የሰው ዓይን ብቻ ሳይሆን የሰው አቀማመጥም በሚዛን ይገዛል።

እንዴት እንሞክረው?

እስካሁን ካልኩት በመነሣት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊሠራ የሚችል ቅደም ተከተል እነሆ።

1ኛ፦ በሩ ላይ ቆማችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ከዚያ ነውና። ከዚያ ዘወትር ከምትቀመጡበት ቦታ ሁለተኛ ፎቶ አንሡ።

2ኛ፦ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት፤ ስልኩንም ገልብጣችሁ ተመልከቱት። በገጽ ቅንብር ትምህርት ገጹን ገልብጦ ማየት የቆየ ዘዴ ነው። ሲገለበጥ ሶፋ ሶፋ መሆኑ ይቀርና ጥቁርና ነጭ ብቻ ይሆናል። ስልክ ከሌለ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየትም ያው ነው።

3ኛ፦ ለዕቃዎቹ ነጥብ ስጡ፣ ግራና ቀኙን ደምሩ። ልዩነቱ እጥፍ ከሆነ ሳሎኑ ያጋድላል።

4ኛ፦ ቀላሉን አስቀድሙ። ፎቶ፣ መሶብ፣ የሶፋ ልብስ፣ አበባ፣ ከዚያ ትንሽ ጠረጴዛ። ቡፌ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወገብም ይጎዳላ።

5ኛ፦ ፎቶዎችን ከጣሪያ አውርዱ። በሥዕል ማሳያ አዳራሾች የሥዕሉ መሀል ከወለል ከ1 ሜትር ከ45 እስከ 1 ሜትር ከ55 እንዲሆን ይደረጋል፤ የቆመ ሰው ዓይን እዚያ አካባቢ ነው። በእኛ ሳሎን ሰው ብዙውን ጊዜ ስለሚቀመጥ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ቢል ነውር የለውም። ልጆች ካሉ ግን መስታወቱ እንዳይደረስበት ማሰብ ያስፈልጋል።

6ኛ፦ ጨለማውን ቀለም ወደ ታች፣ ፈካ ያለውን ወደ ላይ። ጥቁር ቡኒ መጋረጃና ነጭ ምንጣፍ ካላችሁ ክፍሉ በአናቱ የቆመ ይመስላል፤ ቡሎ ከመቶ ዓመት በፊት ያየው ይህንኑ ነው።

7ኛ፦ አንድ ግድግዳ ወይም አንድ ጥግ ባዶ ተዉ። ቡና የሚፈላበት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

8ኛ፦ ማታ መብራት አብርታችሁ እንደገና እዩት።

አንዳንድ ሰው «በዚህ የኑሮ ውድነት ስለ ሳሎን ሚዛን ማውራት ቅንጦት ነው» ሊል ይችላል። እኔ ደግሞ የኑሮ ውድነቱ ነው ይህን እንዳስብ ያደረገኝ እላለሁ። ገንዘብ የተረፈው ሰው ሲሳሳት ሌላ ሶፋ ይገዛል። ዕቁብ ጠብቆ የሚገዛ ሰው ግን ሲሳሳት ለዓመታት አብሮት ይኖራል። በመገናኛና በገርጂ መንገድ ዳር ባሉ የቤት ዕቃ ሱቆች መስታወት ውስጥ የተደረደረው ሶፋ የሚያምረው አዳራሹ ሰፊ፣ ዙሪያውም ባዶ ስለሆነ ጭምር ነው። ሻጩ ሶፋውን ይሸጥልናል፤ ባዶውን ቦታ ግን አይሸጥልንም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ «ቁራሌው!» የሚለው ድምፅ ከብሎካችሁ ሥር ሲሰማ ወደ በረንዳ ከመውጣታችሁ በፊት ግድግዳውን ለኩ። ልትሸጡት ያሰባችሁትን ዕቃ መሀል አቁሙትና አንድ ሳምንት አብራችሁት ተቀመጡ፣ ቡናም አፍሉበት። ከሳምንት በኋላ ዓይናችሁ አሁንም እምቢ ካለ ያኔ ጥሩት፤ ቁራሌው እንደሆነ ነገም በሰፈሩ ያልፋል።